ስለ ጎረቤታችን ሃይማኖት፤ የእስልምና እምነትና ሥርዓት

ሰው በአንድ አጥር ተዋስኖ፣ ከአንድ ምንጭ ቀድቶ፣ ከአንድ ገበያ ሸምቶ ከሚኖረው ጎረቤቱ ጋራ በሰላም ለመኖር ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ አንደኛው በጎ ፈቃድ ነው፣ ሁለተኛውም ዕውቀት ነው። በጎ ፈቃድ በሀገራችን ከጥንት ጀምሮ አልጐደለም፤ ክርስቲያኑ የእስላሙን ለቅሶ ይደርሳል፣ እስላሙም በክርስቲያኑ ሠርግ ድንኳን ይተክላል። ዕውቀት ግን ብዙ ጊዜ ያንሰናል። ጎረቤታችን በቀን አምስት ጊዜ ፊቱን ወደ አንድ ወገን መልሶ ሲሰግድ እያየን፣ ወሩን ሙሉ ሲጾም እያየን፣ ነገሩ ስለ ምን እንደ ሆነ ሳንጠይቅ ዕድሜያችንን እንጨርሳለን። ካለማወቅ የሚመጣውም ጕዳት ትንሽ መስሎ ይጀምርና አንዳንድ ጊዜ የሰውን መብት እስከ ማጥፋት ይደርሳል።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በሥራዬ ላይ ያየሁት ነገር ነው። በአንድ ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ሳገለግል አንዲት ባሏ የሞተባት እስላም ሴት በውርስ ነገር ተከሰሰች። መጥሪያው ደረሳት፤ በቀጠሮው ቀን ግን አልቀረበችም። ሁለተኛ ተጠራች፤ ሁለተኛም ቀረች። እኔም እንደ ደንቡ «ተጠርታ አልቀረበችም» ብዬ በመዝገብ ጻፍሁ፤ ከሳሹም ነገሩ እርሷ በሌለችበት እንዲወሰንለት አጥብቆ ለመነ። ውሳኔው ሊሰጥ ጥቂት ሲቀረው አንዲት አሮጊት ክርስቲያን፣ የሴትዮዋ ጎረቤት፣ በትራቸውን ተደግፈው ከችሎቱ ፊት ቆሙና «ጌቶቼ፣ ይህች ልጅ እኮ በዒዳ ላይ ናት፤ ባሏ ከሞተ ገና ሁለት ወሩ ነው፤ ከቤት አትወጣም ብሎ የነገራችሁ ሰው የለምን?» አሉ። ዳኛው ወደ እኔ ተመለከቱ፤ እኔም ወደ መዝገቤ አቀረቀርሁ። ዒዳ ምን እንደ ሆነ ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም።

ዳኛው ከአንድ የሃይማኖቱ ዐዋቂ ጠይቀው ከተረዱ በኋላ ቀጠሮውን አራዘሙ። ሴትዮዋም ጊዜዋን ፈጽማ ቀረበች፤ ማስረጃዋንም አሰማች፤ ድርሻዋም ተጠበቀላት። እኔ ግን በብዕሬ የጻፍኋት አንዲት ቃል ቤቷን ልታሳጣት ጥቂት እንደ ቀራት አልረሳሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሚያውቁት እየጠየቅሁ፣ ከመጻሕፍትም እያነበብሁ ያገኘሁትን እነሆ ለቤተ ሰብ በሚጠቅም መጠን አቀርባለሁ። የጥንቱ ዘመን የተቈጠረው በአውሮፓ አቈጣጠር፣ የሀገራችን ሕግ የወጣበት ዘመን ግን በራሳችን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

ስለ መነሻው

የእስልምና ነቢይ ሙሐመድ በዐረብ አገር በመካ ከተማ በ570 ዓመት ገደማ ተወለዱ። አባታቸው እርሳቸው ሳይወለዱ ሞቱ፤ እናታቸውም በሕፃንነታቸው ሞተችባቸው። ስለዚህ በመጀመሪያ አያታቸው፣ ኋላም አጎታቸው አቡ ጣሊብ አሳደጓቸው። በልጅነታቸው የተንከባከበቻቸው ኡሙ አይመን የምትባለው በረካ የሐበሻ ሴት እንደ ነበረች የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። በ610 ዓመት ገደማ በመካ አጠገብ ባለችው በሒራ ዋሻ ለብቻቸው ሆነው ሲያስቡ መልአኩ ጂብሪል፣ እኛ ገብርኤል የምንለው፣ የእግዚአብሔርን ቃል እንዳመጣላቸው እስላሞች ያምናሉ። የመካ ሰዎች ስላሳደዷቸው በ622 ዓመት ወደ መዲና ተሰደዱ፤ የእስላሞች የዘመን አቈጣጠርም የሚጀምረው ከዚሁ ስደት፣ ማለት ከሂጅራ ነው። በ632 ዓመትም በመዲና ዐረፉ።

ከመዲናው ስደት አስቀድሞ የሆነው ሌላ ስደት ግን የእኛው ታሪክ ነው። በ615 ዓመት ገደማ መከራ የጸናባቸው ተከታዮቻቸው ባሕር ተሻግረው ወደ አክሱም መንግሥት መጡ። ነቢዩ ወደዚህ የላኳቸው በሐበሻ ሰው የማይበደልበት ንጉሥ አለ በማለት እንደ ሆነ ይነገራል። የመካ ሹማምንትም ስደተኞቹን አስይዘው ለመመለስ መልእክተኞችን ከገጸ በረከት ጋራ ሰደዱ። ንጉሡ ግን ሳይሰማ መፍረድን አልወደደምና ስደተኞቹን አስጠርቶ ጠየቃቸው። የአቡ ጣሊብ ልጅ ጃዕፈር ስለ እመቤታችን ማርያም የሚናገረውን የቁርኣን ክፍል በፊቱ አነበበ፤ ንጉሡም ካደመጠ በኋላ አሳልፎ አልሰጣቸውም፤ ገጸ በረከቱንም መለሰ። የሁለቱን ወገን ቃል ሳይሰሙ ላለመፍረድ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ከወዴት ይገኛል? ዛሬም በትግራይ በውቅሮ አጠገብ የምትገኘው ነጋሽ ስለዚህ ነገር በእስላሞች ዘንድ የተከበረች ስፍራ ናት።

ከስደተኞቹ መካከል ኡሙ ሐቢባ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ በዚሁ በስደት አገር ሞተባት፤ ከዚያም በኋላ ነቢዩ ሊያገቧት አስበው ለንጉሡ መልእክት ቢልኩ ንጉሡ በነቢዩ ስም ጋብቻውን እንደ ፈጸመ፣ ለሙሽራዪቱም 400 ዲናር ከገንዘቡ እንደ ሰጠ ጸሐፊዎቻቸው ይተርካሉ። በመስጊድ ለጸሎት በመጥራት የመጀመሪያ የሆነው ቢላልም ትውልዱ ከሐበሻ ነበር።

ስለ እምነቱ

እስልምና ማለት ራስን ለእግዚአብሔር ፈቃድ ማስገዛት ማለት ነው፤ የቃሉም ሥር ሰላም ከሚለው ቃል ጋራ አንድ ነው። አላህ የሚለውን ስም አንዳንድ ሰው የሌላ አምላክ ስም ይመስለዋል፤ ነገር ግን በዐረብኛ እግዚአብሔር ማለት ነው፣ የዐረብ ክርስቲያኖችም በጸሎታቸው በዚሁ ቃል ይጠሩታል።

የእምነቱ መሠረት ስድስት ነው፤ ይኸውም በአንድ አምላክ፣ በመላእክቱ፣ በመጻሕፍቱ፣ በመልእክተኞቹ፣ በመጨረሻው ቀን፣ ክፉም ሆነ በጎ በአምላክ ውሳኔ መሆኑን ማመን ነው። መጽሐፋቸው ቁርኣን 114 ምዕራፎች አሉት፤ ምዕራፉም ሱራ ይባላል። በውስጡ ኢብራሂም፣ ሙሳ፣ ዳውድ፣ ዒሳ እየተባሉ የሚጠሩት እኛ አብርሃም፣ ሙሴ፣ ዳዊት፣ ኢየሱስ የምንላቸው ናቸው፤ 19ኛውም ሱራ በማርያም ስም ይጠራል። ልዩነቱን መሸፈን ግን አያስፈልግም፤ እስላሞች ኢየሱስን ከድንግል የተወለደ ታላቅ ነቢይ ነው ብለው ያከብሩታል እንጂ የእግዚአብሔር ልጅ ነው አይሉም፤ ሥላሴንና ስቅለቱንም አይቀበሉም። ሰው የጎረቤቱን እምነት በትክክል ቢያውቅ የራሱን አይለቅም፤ ያልተባለውን ተባለ ከማለት ግን ይድናል።

ስለ አምስቱ ምሰሶዎች

ሥራን የሚመለከተው ትእዛዝ በአምስት ምሰሶዎች የቆመ ነው።

የመጀመሪያው ምስክርነት ነው። ከአንዱ አምላክ በቀር ሌላ አምላክ እንደሌለና ሙሐመድ መልእክተኛው መሆናቸውን በልብ አምኖ በአፍ መመስከር ነው። ሕፃን ሲወለድ በጆሮው የጸሎት ጥሪ ይሰማል፤ ሰው ሊሞት ሲያጣጥርም ይህንኑ ምስክርነት እንዲናገር ያስታውሱታል።

ሁለተኛው ሶላት ነው። ጊዜው የሚለየው በፀሐይ ነው፤ ሱብሒ ጎሕ ሲቀድ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ዙህር ፀሐይ ከመካከለ ሰማይ ዘንበል ስትል፣ አስር ከቀትር በኋላ ጥላ ሲረዝም፣ መግሪብ ፀሐይ እንደ ጠለቀች፣ ዒሻእ የምሽቱ ወጋገን ሲጠፋ ይሰገዳል። ከሶላት አስቀድሞ እጅን፣ አፍን፣ አፍንጫን፣ ፊትን፣ ክንድን እስከ ክርን መታጠብ፣ ራስን ማበስ፣ እግርንም እስከ ቁርጭምጭሚት መታጠብ ግድ ነው፤ ይህም ውዱእ ይባላል። ውሃ የታጣ እንደ ሆነ በንጹሕ አፈር ማበስ ይበቃል። ሲሰግዱ ፊታቸውን የሚመልሱት በመካ ወዳለችው ወደ ካዕባ ነው። ይህም አቅጣጫ ቂብላ ይባላል፤ ከአዲስ አበባ ለሚሰግድ ሰው ወደ ሰሜን ሆኖ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው፣ ከሐረር ለሚሰግድ ግን ከሰሜን ጥቂት ወደ ምዕራብ ያዘነብላል። ዐርብ በቀትር ወንዶች በመስጊድ ተሰብስበው ስብከት ሰምተው በማኅበር ይሰግዳሉ። ስለዚህ ለእስላም ባለጉዳይ በዐርብ ቀትር ቀጠሮ መስጠት ለክርስቲያን በቅዳሴ ሰዓት ቀጠሮ እንደ መስጠት መሆኑን በሥራ ላይ ያለን ሰዎች ልናስብ ይገባናል።

ሦስተኛው ዘካ ነው። ይህ ሰው ሲወድድ የሚሰጠው፣ ሲጠላ የሚተወው ምጽዋት አይደለም፤ ድኻ በሀብታም ገንዘብ ላይ ያለው መብት ነው። ወርቅና ብር ወይም የንግድ ገንዘብ ከተወሰነው ልክ ደርሶ አንድ የጨረቃ ዓመት የሞላው እንደ ሆነ ከ40 አንድ ይከፈልበታል። በዝናም ከበቀለ እህል ከዐሥር አንድ፣ በድካም ውሃ ተስቦለት ከበቀለ ከ20 አንድ ይወጣል። ከ40 በግ ወይም ፍየል አንድ፣ ከ30 ከብት አንድ የዓመት ጥጃ፣ ከአምስት ግመል አንድ በግ ይሰጣል። ገበሬው በመስኖ ሲደክም ግዴታው በእኩሌታ የሚቀልለት መሆኑን ያስተዋለ ሰው ሥርዓቱ የሰውን ድካም እንደሚመዝን ይረዳል።

አራተኛው የረመዳን ጾም ነው። ከጎሕ እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ከመብል፣ ከመጠጥና ከሩካቤ ይከለከላሉ፤ ውሃም ቢሆን አይቀመስም። ዓመታቸው በጨረቃ ስለሚቈጠር 354 ወይም 355 ቀን ነው። ስለዚህ ረመዳን በየዓመቱ ዐሥር ወይም 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ እየተሳበ አንድ ጊዜ በበጋ፣ አንድ ጊዜ በክረምት ይውላል፤ በ33 ዓመትም ያህል ወራቱን ሁሉ ይዞራል። የታመመና መንገደኛ ጾሙን ወደ ሌላ ጊዜ ሊያቆይ ይችላል፤ እርጉዝና የምታጠባ ሴትም ለራሷ ወይም ለልጇ የፈራች እንደ ሆነ እንዲሁ ናት። የወር አበባ ያያት ሴት ትታ ቈይታ በሌላ ቀን ትጾመዋለች። ያረጀና የማይችል ሰው ስለ እያንዳንዱ ቀን አንድ ድኻ ያበላል። የጾሙ ፍች በዓል ዒድ ሲሆን ከሶላቱ አስቀድሞ ስለ ቤተ ሰቡ እያንዳንዱ ነፍስ ለድኾች እህል ይሰጣል፤ በዓል የድኻ ቤት ባዶ ሆኖ እንዳይከበር ነው።

አምስተኛው ሐጅ ነው። ጤናና ስንቅ ያለው እስላም በዕድሜው አንድ ጊዜ ወደ መካ መሄድ አለበት፤ ዕዳውን ሳይከፍል ወይም ቤተ ሰቡን ያለ ቀለብ ትቶ ሊሄድ ግን አይገባውም። ወንዶቹ ሁሉ፣ ሀብታሙም ድኻውም፣ ያልተሰፋ ሁለት ነጭ ጨርቅ ይለብሳሉ። ካዕባን ሰባት ጊዜ ይዞራሉ፤ ደግሞም በሶፋና በመርዋ ኮረብቶች መካከል ሰባት ጊዜ ይመላለሳሉ። ይህም አጋር ለተጠማው ልጇ ለእስማኤል ውሃ ፍለጋ የሮጠችበት መታሰቢያ ነው። በ12ኛው ወር በዘጠነኛው ቀን በዐረፋት ሜዳ ቆመው ይጸልያሉ፤ በማግሥቱም መሥዋዕት ይሠዋል። እኛ አረፋ የምንለው በዓል ይህ ነው፤ ከዒድ በኋላ ሁለት ወር ከዐሥር ቀን ያህል ቈይቶ ይውላል። የሚታረደውም ሥጋ ከሦስት ተከፍሎ አንዱ ለቤት፣ አንዱ ለዘመድና ለጎረቤት፣ አንዱ ለድኻ እንዲሆን ይመከራል።

ስለ ቤተ ሰብ ሥርዓት

ጋብቻቸው ኒካሕ ይባላል፤ የሙሽራዪቱ ወሊ፣ ሁለት ምስክሮችና የሁለቱ ወገን ፈቃድ ይፈለግበታል። ባልየው ለሚስቱ መህር የሚባል ስጦታ ይሰጣል፤ ይህም የአባቷ ወይም የወንድሟ ሳይሆን የራሷ ገንዘብ ነው። ባል እስከ አራት ሚስት ማግባት ቢፈቀድለትም በመካከላቸው ካላስተካከለ አንዲት ብቻ እንዲያገባ ታዝዟል።

ውርስም በቁጥር የተወሰነ ነው። ሚስት ባሏ ልጅ ትቶ ከሞተ ከስምንት አንድ፣ ልጅ ካልተወ ከአራት አንድ ትወርሳለች፤ ባልም በሚስቱ ሞት እንዲሁ ልጅ ካላት ከአራት አንድ፣ ከሌላት እኩሌታውን ይወርሳል። ወንድ ልጅ የሴት ልጅን እጥፍ ይወስዳል፤ ሊቃውንታቸው ምክንያቱን ሲናገሩ ቀለብ የመስጠት ግዴታ በወንዱ ላይ ስለ ሆነ ነው ይላሉ። ኑዛዜ ከንብረቱ ሢሶ ሊያልፍ አይችልም።

ወደ ዒዳም እንመለስ። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከዐሥር ቀን ትጠብቃለች፤ እርጉዝ ከሆነች እስክትወልድ ነው። የተፈታች ግን የወር አበባዋን ሦስት ጊዜ እስክታይ ትቈያለች። በዚህ ጊዜ ባል አታገባም፤ ባሏ የሞተባትም በባሏ ቤት ትቀመጣለች፣ ጌጥና ሽቱ ትተዋለች። ለማይቀር ጉዳይ በቀን መውጣት እንዲፈቀድ ብዙ ሊቃውንት ቢናገሩም በሀገራችን ብዙዎቹ ሴቶች አጥብቀው ይጠብቁታል። ምክንያቱም ሁለት ነው፤ ለሞተው ማዘንና በማኅፀን ያለ ልጅ ቢኖር የማን እንደ ሆነ መታወቁ ነው። እንዲህ ያለችውን ሴት እንቢተኛ ብሎ መመዝገብ ምን ያህል ግፍ እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

እስላም ሲሞት ሬሳው ይታጠባል፤ ነጭ ከፈን ይለብሳል፤ መስገድና መደፋት የሌለበት የቁም ጸሎት ይጸለይለታል፤ በቀኝ ጐኑ ተጋድሞ ፊቱ ወደ ቂብላ ይቀበራል። ቀብሩ እንዲፈጥን የታዘዘ ስለ ሆነ መርዶ የሰማ ጎረቤት «ነገ እደርሳለሁ» ቢል ከቀብሩ ይቀራል።

ስለ ዳኝነቱም ጥቂት እንጨምር። በ1936 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ የቃዲዎችን ፍርድ ቤቶች በጋብቻ፣ በፍች፣ በውርስና ይህን በመሰለው ጉዳይ ዳኝነት እንዲሰጡ አቋቁሟቸው ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትና በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ዐዋጅ እንደሚያዝዙትም ነገሩ በዚያ የሚታየው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ብቻ ነው፤ ያልፈቀደ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ስለዚህ የመደበኛው ፍርድ ቤት ዳኛና ጸሐፊም ይህን ሥርዓት «አይመለከተኝም» ሊሉ አይችሉም።

ስለ ግብዣና ስለ ጉርብትና

የእሪያ ሥጋ፣ ደም፣ የበከተ፣ በእግዚአብሔር ስም ያልታረደና የሚያሰክር መጠጥ ሁሉ ለእስላም ክልክል ነው። በሀገራችን ልማድ ደግሞ ክርስቲያኑ እስላም ያረደውን፣ እስላሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ስለዚህ እስላም እንግዳ የሚጠራ የቤት ጌታ በጉን አስቀድሞ ለእስላም ጎረቤቱ ሰጥቶ ያሳርድ፤ እመቤቲቱም ድስቱን፣ ጭልፋውንና ማዕዱን ትለይ። ከጠጅ ይልቅ ብርዝ ይቅረብ። እንግዳው ከመቀመጡ በፊት «ይህ የእናንተው ነው፤ ያረደውም እገሌ ነው» ብሎ መንገር ትልቅ አክብሮት ነው፤ እንግዳው እየተጠራጠረ እንዳይበላ ያደርገዋልና።

በቤት ውስጥ እስላም ሠራተኛ ያለች እንደ ሆነ በረመዳን ፀሐይ ስትጠልቅ ሥራዋን አቋርጣ ቴምርና ውሃ ቀምሳ እንድትሰግድ ጊዜ ይሰጣት። «አንድ ጉርሻ ምን ይጐዳሻል?» እያሉ መፈተን ደግነት አይደለም። እንዲሁም አንዳንድ ወንድ ለሴት፣ ሴትም ለወንድ እጅ መጨበጥን የሚተዉት ስለ ሃይማኖታቸው ነውና እጁን በደረቱ ላይ አድርጎ እጅ የነሣውን ሰው እንደ ትዕቢተኛ አንቍጠረው። በችሎትም ቁርኣን ይዞ የሚምል እስላም አስቀድሞ ልታጠብ ብሎ ቢለምን ጊዜ ለማባከን አይደለም፤ ያለ ውዱእ መጽሐፉን መንካት ስለማይወድድ ነው።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል እንሰማለን። በዚያ ቀን በችሎት የነበርነው ሁሉ ሕግ የተማርን ወይም መዝገብ የያዝን ነበርን፤ ሰውየዋን ያዳኗት ግን ማንበብ የማያውቁ አሮጊት ናቸው። ኋላ ከደጅ አግኝቻቸው ይህን ሁሉ ከወዴት እንዳወቁ ብጠይቃቸው «ልጄ፣ 30 ዓመት ቡና አብረን ጠጥተን እንዴት አላውቅም?» አሉኝ። እኛም እስቲ በየሰፈራችን ይህን ያህል እንወቅ።